የጋሼ ታደሰ ሶፋ

እናንተ ሰፈር ያየውን ሁሉ «ኤአይ ነው» የሚል ሰው አለ? እኛ ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ ጋሼ ታደሰ አሉን። ዜናውም፣ የሰርግ ቪዲዮውም፣ የጨረቃ ግርዶሹም ለእሳቸው ኤአይ ነው። ከእሳቸው ጋር ብዙ ስውል፣ መስታወት ፊት ስቆም ራሴንም ትንሽ እጠራጠራለሁ።

ባለፈው ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ ባለቤታቸው እትዬ አልማዝ ቪዲዮ ላኩላቸው። ቧንቧ ፈንድቶ ሳሎናቸው በውሃ ተጥለቅልቋል። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው አዩት።

«ኤአይ ነው» አሉ። «ሶፋውን እየው። ሦስት እግርና አንድ ብሎኬት። ኤአይ እግር ላይ ሁሌ ይሳሳታል።»

«ጋሼ፣ የእርስዎ ሶፋ እኮ በብሎኬት ነው የቆመው። አብረን አይደል ያስገባነው?»

ግራ ቀኙን ቃኙ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ይሄን ደግሞ ለኤአዮቹ ማን ነገራቸው?» አሉኝ።

ስልኩ ጠራ፤ እትዬ አልማዝ ናቸው። ጋሼ «ድምፅም ያስመስላሉ» ብለው ዘጉት። እንደምንም ለምኜ ቤታቸው ወሰድኳቸው።

በሩን ስንከፍት ውሃው ቁርጭምጭሚታችን ደረሰ። እትዬ አልማዝ ባልዲ ይዘው ሶፋው ላይ ቆመዋል። ጋሼ ዙሪያውን ቃኙና፣ «አቤት፣ እንዴት አሳምረው ሠርተውታል» አሉ።

ካልሲዬ የረጠበ መሰለኝ። እርግጠኛ ስላልሆንኩ ጋሼን ጠየቅኳቸው።