ዳንቴል የለበሰው ላፕቶፔ

ዛሬ የሆንኩትን ብነግራችሁ ውሸቷን ነው ትላላችሁ። ግን የሸዋሮቢት ግማሹ ሰው አይቶኛል፤ ብደብቀውም ነገ ባጃጅ ውስጥ መስማታችሁ አይቀርም!

ነገሩ ከብሩክ ይጀምራል።

ለማታውቁት፣ ብሩክ ካምፓስ አብረን የተማርን፣ አሁን ህንድ አገር ማስተርሱን እየጨረሰ ያለ፣ ስሙን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ የሚግልብኝ ሰው ነው።

ባለፈው ሳምንት በሜሴጅ እንዲህ ሲል ጠየቀኝ። «እዚሁ ሥራ አግኝቻለሁ። ሰኞ ጠዋት መልስ ይፈልጋሉ። ልቅር ወይስ ልምጣ?»

መልሱን ጻፍኩ። አጠፋሁት። ደግሜ ጻፍኩ። አጠፋሁት። በመጨረሻ «እሁድ በቪዲዮ እናውራ» አልኩት። ፊቴን እያየ እንዲሰማው ፈልጌ ነው።

እሺ፣ ፊቱን ማየት ፈልጌ ነው። ናፍቆኛል!

እሁድ ዛሬ ነው።

ስልኬ ቪዲዮ የሚባል ነገር አይችልም። ዋይፋይ ያለው ደግሞ አውራ ጎዳናው ዳር፣ የደሴ መንገደኞች ለምሳ የሚወርዱበት የእትዬ ዘነበች ሆቴል ነው። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጸጉሬን ተተኩሼ፣ ላፕቶፔን አቅፌ ሄድኩ። በሮቢት ሙቀት ጸጉር መተኮስ ምን ዓይነት መሥዋዕትነት እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ።

ላፕቶፔም በዚህ ሳምንት አዲስ ልብስ አግኝቷል። እናቴ ቴሌቪዥኑን፣ ሬዲዮኑን፣ የሶፋውን መደገፊያ ሁሉ ዳንቴል አልብሳ ስትጨርስ የቀራት እሱ ነበር። «አቧራ ይገባበታል ልጄ» ብላ በነጭ ክር ሠራችለት። ልክክ ያለ! ማውለቅ ራሱ ትግል ነው።

ታግዬ አወለቅኩት። ከፈትኩት።

ዋይፋይ የለም።

አጥፍቼ አበራሁ። የለም። ሴቲንግ ገብቼ የሚነካውን ሁሉ ነካሁ። ድራይቨሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። የለም! እትዬ ዘነበችን ለመንኳቸውና ራውተሩን ነቅለው ሰኩት። አሁንም የለም። «እባክዎ አንዴ ብቻ ይድገሙልኝ» አልኳቸው። ደገሙልኝ።

ችግሩ ራውተሩ በተነቀለ ቁጥር የሆቴሉ ሰው ሁሉ ከስልኩ ቀና ብሎ እኔን ያያል። እኔ ደግሞ ሰው ሲያየኝ እጄን የት እንደማደርገው የሚጠፋኝ ፍጥረት ነኝ።

«የኔማ ይሠራል እኮ! የታመመው ያንቺ ዕቃ ነው» አሉ ጋሽ ሰይድ፣ ከካራቆሬ ማሾ የሚያመጡት ነጋዴ።

«ለመሆኑ ከማን ጋር ልታወሪ ነው?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ከ... ከጓደኛዬ።»

«ወንድ?»

ላፕቶፑ ላይ አቀረቀርኩ።

«ወንድ ነው!» ብለው ለሆቴሉ አስታወቁ።

ስልኬ ላይ የብሩክ ሜሴጅ ገባ። «እየጠበቅኩሽ ነው።»

አልቻልኩም። እንባዬ ሳይመጣ ልውጣ ብዬ ላፕቶፑን ዘጋሁና ዳንቴሉን ማልበስ ጀመርኩ። ጎኑ ላይ ሲደርስ ክሩ በአንድ ነገር ተያዘ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ጥፍር የምታህል ማብሪያ ማጥፊያ! አጠገቧ የዋይፋይ ምልክት አለ። ይህን ሁሉ ጊዜ ስጠቀምበት አይቻት አላውቅም። ለካ ዳንቴሉን ስጎትት አብሬ አጥፍቻታለሁ!

ገፋ አደረግኳት። ተገናኘ።

ሆቴሉ እልል አለ። እውነቴን ነው፣ እልል! ወንበሩን እየጎተተ የመጣው ሁሉ ከኋላዬ ሲደረደር አንድ ለአምስት የተጠረነፍን መሰልን።

ብሩክ ስክሪኑ ላይ ወጣ።

ከስቷል። ጢሙን አሳድጓል። ፈገግ ሲል ግን ያው ነው። ለአንድ አፍታ ሙቀቱም፣ የመኪናው ጡሩንባም፣ ከኋላዬ ያለው ሰውም ጠፋኝ።

ለአንድ አፍታ ብቻ!

«እንደምን አለህ ልጄ?» አሉ እትዬ ዘነበች በትከሻዬ ላይ። «አገሩ ተስማማህ? እናትህ ደኅና ናቸው? ምነው እንዲህ ከሳህ፣ አያበሉህም እንዴ?»

«አብሽር! አላህ በሰላም ይመልስህ» አሉ ጋሽ ሰይድ።

ለጥገናው የደከመ ሁሉ ሰላም ሳይለው ሊሄድ ነው? አይታሰብም! አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ሳይቀር ስለ ህንድ መንገድ ጠየቀው። ብሩክም አስተዳደጉ ነውና ለእያንዳንዱ ከመቀመጫው ብድግ እያለ እጅ ነሣ። እዚያ ክፍሉ ውስጥ ብቻውን!

እኔ መሀል ላይ አፌን እከፍታለሁ፤ እዘጋለሁ።

«እኔ የምልህ፣» አሉ እትዬ ዘነበች፣ «መቼ ነው የምትመጣው? ይቺ ልጅ እኮ ላንተ ብላ ነው የተተኮሰችው!»

ጠረጴዛው ሥር መግባት አማረኝ።

ብሩክ ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ እኔን ብቻ አየኝ።

«እሷስ ምን ትላለች?»

የጣሪያው ማራገቢያ ብቻ ይዞራል።

«እኔ...» አልኩ።

መብራት ሄደ!

ማራገቢያው ቆመ፤ ራውተሩ ጠፋ። ላፕቶፑ ባትሪ ስላለው የብሩክ ፊት መልስ እንደጠበቀ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። ሁላችንም አፍጥጠን አየነው።

«አይዞሽ፣ ይመጣል» አሉ ጋሽ ሰይድ። መብራቱን ይሁን እሱን አልጠየቅኳቸውም።

ይኸው ቤት ገብቼ በስልኬ እየጻፍኩላችሁ ነው። መብራቱ አልመጣም። ሰኞ ግን እየመጣ ነው። የእኔን መልስ የሆቴሉ ሰው ሁሉ ፊቴ ላይ አንብቦታል፤ ሳይሰማው ሊያድር የተቃረበው የጠየቀኝ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ታግ አድርጌዋለሁ። ሳላጠፋው ቶሎ ልለጥፈው።

ብሩክ፣ ናልኝ።

ሌሎቻችሁ ደግሞ ኮመንት ከመጻፋችሁ በፊት መጀመሪያ እሱ ይመልስልኝ ብትሉ ምን አለበት?