ትልቁ ፍሬ

«ለክፉ ቀን ነው» ይላችኋል፣ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ለምን እንደታጠቀ ስትጠይቁት። እኔም እዚህ አገር በኖርኩበት ዘመን ክፉ ቀን ሲመጣና ሲሄድ አይቻለሁ፤ በሽጉጥ የሚመለስ ክፉ ቀን ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ዝናብ ሲቀር በማን ላይ ይተኮሳል? ወባ ከተከዜ ሽቅብ ስትወጣ ደረቷን ነው ግንባሯን? ኩላሊትስ? ኩላሊት ላይ ተኩሶ ያሸነፈ ሰው ካለ አምጡልኝና እኔ ራሴ ዝናር እታጠቃለሁ።

ይህን የምለው ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው። ሰቆጣ ላይ ትጥቅን የናቀ ሰው ሚስቱን ያጣ ያህል ይታዘንለታል። እኔ ደግሞ ከደብረ ታቦር ተመድቤ የመጣሁ የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆንኩ ወገቤ ላይ የሚንጠለጠለው የቢሮ ቁልፍ ብቻ ነው። እሱም ቢሆን ባዶ ቁምሳጥን ነው የሚከፍተው።

አከራዬ አያ ኪሮስ ግን ታጣቂ ናቸው። የታጠቁትም የዛሬ ጎረምሳ ሸሚዙ ሥር የሚሸጉጣትን ስስ ሽጉጥ እንዳይመስላችሁ። ከበሮ የመሰለ ሆድ ያለው፣ በተተኮሰ ቁጥር ሆዱ የሚዞር፣ አፈሙዙ አውራ ጣት የሚያስገባ ስድስት ጎራሽ ነው። ከመክበዱ የተነሳ የአያ ኪሮስ ቀኝ ዳሌ ዝቅ፣ ግራ ትከሻቸው ከፍ ብሎ ቀርቷል። ሲቀመጡ ጎናቸውን ይወጋቸዋል፣ ሲነሱ ቀበቷቸውን ይዞ ይወርዳል፤ ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ ደግሞ ደጅ ላይ የሚይዝላቸው ሰው ፍለጋ ቅዳሴው ያልፋቸዋል። አንድ ቀን «ለምን ቤት አያስቀምጡትም?» ብላቸው «ሌባ ቢወስደውስ?» አሉኝ። እንግዲህ ሽጉጡ እሳቸውን ከሌባ ይጠብቅ ወይስ እሳቸው ሽጉጡን፣ ፍርዱን ለእናንተ ትቼዋለሁ።

ከሽጉጡ የባሰው ጥይቱ ነው። እንዲህ ያለ ወፍራም ጥይት የሚሠራ አገር ዛሬ መኖሩን እንጃ፤ ስለዚህ የሚገኘው ከአያት ሣጥን ነው፤ ከአያት ሣጥን የወጣ ጥይት ደግሞ እንደ አያት ነው፣ አንዳንዱ ይናገራል፣ አንዳንዱ ዝም ይላል። የሚናገረውን ከዝምተኛው ለመለየት የሰፈራችን ወንዶች ጥይቱን ጆሯቸው ላይ አስጠግተው እንደ እንቁላል ይነቀንቁታል። ቂጡን ያያሉ፣ ዝገቱን በጥፍር ይፍቃሉ፣ ያሸቱታል። ከዚያ ራሱ ዱልዱም የሆነው ይሻላል ወይስ መዳብ የለበሰው በሚል ጠላ ቤቱ ለሁለት ይከፈላል። ዱልዱሙ ይጥላል፣ መዳቡ ይበሳል፤ ዱልዱሙ እጅ ይመታል፣ መዳቡ ልብ አይሞላም። በመጨረሻ አንዱ «ይኼ ጤነኛ ነው» ብሎ ይፈርዳል። ጤና ጣቢያ ሄጄ እንዲህ በጥንቃቄ ተመርምሬ አላውቅም።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ከመግባቴ በፊት ግን ስለ አንዲት ቃል ላስታውሳችሁ። እኛ ባቄላውንም በፍሬ እንቆጥራለን፣ ጥይቱንም በፍሬ፣ ኪኒኑንም በፍሬ። «ስንት ፍሬ አለህ?» ያለህ ሰው ሽሮ ሊያስፈጭ ይሁን ጦር ሊያዘምት ከፊቱ ነው የምታውቀው። በስልክ ደግሞ ፊት የለም። በዚያ ላይ ዘመኑ ዘመን ስለሆነ በስልክ «ጥይት» ብሎ የሚናገር ሰው የለም፤ ሁሉም «ፍሬ» ነው የሚለው። ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል የተባለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም።

አያ ኪሮስ ደም ግፊት አለባቸው። ሐኪሙ ሁለት ዓይነት ኪኒን አዞላቸዋል፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ። ትንሹ ብቻውን ግፊታቸውን እንደማይመልሰው፣ ትልቁ ከተቋረጠ ደም ራሳቸው ውስጥ ሊፈስ እንደሚችል ሐኪሙ ለሚስታቸው ለእትዬ ወርቄ ደጋግሞ ነግሯታል። ለእሷ መንገሩ ደግ አደረገ፤ አያ ኪሮስ ሐኪም ሲናገር የሚያዩት ግድግዳውን ነው።

ታዲያ በዚህ ዓመት ከመከር በኋላ ደሃና ያለው አማቻቸው ከጎረቤቱ ጋር በድንበር ተጣላና አያ ኪሮስ ለሽምግልና ተጠሩ። ሽምግልና ሲሄዱም ታጥቀው ነው፤ ለማስታረቅ ይሁን ለማስፈራራት አልጠየቅኋቸውም። ጥቂት ቀን ቆይተው ይመለሳሉ ሲባል እርቁ ተጓተተ፣ ኪኒኑም አለቀ። ስልክ የሚይዘው ከመንደሩ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ብቻ ስለሆነ አማቻቸው መልእክት ተቀብሎ ወጣ። ሰውየው አፉን የፈታው በኽምጣኛ፣ በዋግ አገዎች ቋንቋ ነው፤ አማርኛን እንደ እንግዳ ልብስ ለጉዳይ ብቻ ስለሚያወጣት ቃል አያባክንም። ሰቆጣ ላለው የአያ ኪሮስ የእህት ልጅ ለደረሰ ደወለና እንዲህ አለው፦

«አባባ ፍሬዬ አልቋል ይላሉ። ትልቁን ፍሬ ቶሎ ላኩልኝ፣ ትንሹ አይረዳኝም ይላሉ።» ስልኩ ተቋረጠ።

ደረሰ ከአበርገሌ ፍየል እያመጣ የሚነግድ ብርቱ ሰው ነው። ብርታቱ ግን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሮጠው። የድንበር ጠብ፣ ያለቀ ፍሬ፣ ትልቁ ፍሬ፤ በቃ፣ አጎቱ ተከበዋል። ፀሐይ ሳትበረታ ግቢያችን በወንድ ሞላ።

እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እንዲህ ያለ ቅልጥፍና በመንግሥት ቢሮ አይቼ አላውቅም። አንዱ በባጃጅ ከተማውን ዞረ፣ አንዱ ጥይት ከማይጠፋባት ከጽጽቃ ከተማ ደወለ፣ አንዱ ከሟች አባቱ ሣጥን ሥር አወጣ። ቀትር ሳይሆን ከዓለም ጠፍቷል የተባለው ያ ወፍራም ጥይት ሰፌድ ላይ ተከመረ። ከዚያ የታወቀው ምርመራ ተጀመረ፤ መነቅነቁ፣ መፋቁ፣ ማሽተቱ። ዱልዱሙ ይሂድ ወይስ መዳቡ? አንድ ጎረቤታችን «ብዙ ከሆኑ ዱልዱሙ፣ አንድ ከሆነ መዳቡ» ብሎ ሊያስማማ ቢሞክር ስንት እንደሆኑ ማን ያውቃል ተብሎ ክርክሩ እንደገና ከሥር ተጀመረ።

እትዬ ወርቄ ጓዳ ገብታ የኪኒኑን ባዶ ልጣጭ ይዛ ወጣች።

«ፍሬ ያሉት ይህን ቢሆንስ?» አለች። «ከሄዱ ወዲህ ትልቁ ሳያልቅባቸው አይቀርም። ትንሹ ብቻውን አይረዳም ብሎ ሐኪሙ ነግሮኛል።»

ደረሰ ሰፌዱን እያየ «እትዬ፣ አጎቴ ለኪኒን ሰው ጉብታ አያስወጡም» አላት። ሌላው «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» አለ። አንዱ ደግሞ ያቺን የተረገመች ተረት አመጣት፦ «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ።»

ይህን ተረት ማን እንደፈጠረው አላውቅም። ሴትዮዋ እኮ ስለ ጦርነት አልተናገረችም። ስለ ባሏ ነው የተናገረችው፣ ስንት ዘመን አብራው ስለኖረችው፣ የሚውጠውን በእጇ ስለምታቀብለው ባሏ። እኔ እንደሷ ነው የገባኝ ብል «አንተ የቢሮ ሰው ነህ» ተባልኩ። የቢሮ ሰው መሆኔን አልካድኩም። ከእትዬ ወርቄ ጋር ልጣጩን ይዘን መድኃኒት ፍለጋ ወጣን።

አንደኛው መድኃኒት ቤት «የለም» አለን። ሁለተኛው «ከጠፋ ቆየ» አለን። ሦስተኛው ልጣጩን እንኳ ሳይቀበል በአገጩ መለሰን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ አያ ኪሮስ አልደበቁም፣ ጉብታ ላይ ወጥቶ የሚናገርላቸው ሰው ልከዋል፣ መድኃኒቱ ነው የተደበቀው። ስንመለስ ደረሰ የተመረጡትን ዱልዱሞች በጨርቅ ጠቅልሎ ወደ ደሃና ተነስቶ ሄዷል። ያልተመረጡት መዳቦች ሰፌዱ ላይ ቀርተዋል።

ደረሰ የመኪናውን መንገድ በመኪና፣ የቀረውን በእግሩ ሮጦ በማግስቱ ሲደርስ አካባቢው ሰላም ነበር። የተጣሉት ጎረቤታሞች አንድ ጥላ ሥር ተቀምጠው በሽማግሌያቸው ራስ ምታት ምክንያት እርቁ መዘግየቱን ያማሉ። አያ ኪሮስ መደብ ላይ ተጋድመዋል፣ ዓይናቸው ቀልቷል። ደረሰ ጨርቁን ፈቶ አጠገባቸው አስቀመጠ። አያ ኪሮስ አንዱን አንስተው አገላበጡት።

«ደግ ነው፣ ልጄ» አሉት። «በውኃ ነው የምውጠው ወይስ በጠላ?»

ደረሰ ይህን ሲነግረኝ አልሳቀም። ጉብታው ላይ ሮጦ ወጥቶ ደወለ፤ «እትዬ፣ ኪኒን ነው» አለ። በአቅራቢያው ያለው ጤና ጣቢያስ አትሉም? ባለሙያ አለ፣ ግፊቱን ይለካልሃል፣ እጅግ ከፍ ማለቱንም በትሕትና ይነግርሃል። መድኃኒቱ ግን የለም።

እትዬ ወርቄ ስልኩን ከዘጋች በኋላ አላለቀሰችም። ሰፌዱ ላይ የቀሩትን መዳቦች በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች። «እትዬ፣ ወዴት ነው?» አልኳት። «መጣሁ» ብላ ወጣች። እውነትም ብዙ አልቆየችም። ስትመለስ ቋጠሮው ያው ነው፣ ውስጡ ያለው ግን ትልቁ ኪኒን ነው፣ ከነልጣጩ።

«ከየት ተገኘ?» አልኳት።

«የለም ካሉን ቤት» አለችኝ።

በአገጩ የመለሰን ሰው ነው። ሽጉጥ ይወዳል አሉ፤ እንደዚህ ያለ ጥይት ሲፈልግ ኖሯል። ስሙን ብጽፈው ደስ ባለኝ፣ ግን ነገ እኔም ሊያመኝ ይችላል። እትዬ ወርቄ መዳቦቹን ባንኮኒው ላይ ስትዘረግፍለት አንዱን አንስቶ ጆሮው ላይ ነቀነቀና ጓዳ ገባ አሉ። እኔ እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። አንድ ቀን ሙሉ መድኃኒቱ እዚያ ጓዳ ውስጥ ነበር። የሰው ሕይወት ስናስይዝ «የለም»፣ ጥይት ስናስይዝ «አለ»። በቁጣ ልሄድበት ስነሳ እትዬ ወርቄ እጄን ይዛ «ኪኒኑን የምንልክበት መኪና ይሄድብናል» አለችኝ፤ እውነቷን ነው፣ ቁጣ ይደርሳል።

ኪኒኑ ግን አልደረሰም ማለት ይቻላል። አያ ኪሮስ እጅ ሲገባ ግፊቱ ቀድሞ ሥራውን ሠርቷል። ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው እስከ መኪናው መንገድ አወጧቸው፣ ሆስፒታል ተኝተው ነፍሳቸው ተረፈች። አፋቸው በትንሹ ተጣመመ፣ ቀኝ እጃቸው ተንጠልጥሎ ቀረ። ሐኪሙ «ትንሽ ቀደም ብሎ ቢሆን» አለ፤ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም፣ እኛም ጨርስልን አላልነውም።

ባለፈው እሑድ እነዚያው ወንዶች ሊጠይቋቸው መጡ። ደረሰም አለ፣ ከዚያ ወዲህ ከአጎቱ እግር ሥር አይጠፋም። «እግዜር ይማርዎ» ተባለ፣ «አሜን» ተባለ። አንዱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ስድስት ጎራሽ አየና «እንግዲህ በግራ መታጠቅ ነው» አለ። «በግራስ መታጠቁ ይቻላል፣ ዱልዱሙ ለግራ እጅ ይከብዳል እንጂ» አለ ሌላው። «መዳቡ ነበር የሚሻለው፣ ግን አለቀ» አለ ሦስተኛው። እኔ ደሜ ፈላ። እነዚህ ሰዎች አያፍሩም ወይ? ብዬ ከመቀመጫዬ ተነሳሁ።

«አያ ኪሮስ» አልኩ፣ ሁሉም እንዲሰማኝ ጮክ ብዬ፣ «ለመሆኑ ትልቁ ኪኒን ስንት ቀን ያስኬድዎታል? አሁንስ አለ?»

አያ ኪሮስ ግድግዳውን አዩ።

«እሱን ወርቄ ታውቃለች» አሉኝ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ወንዶቹ መለሱና በዚያ በተጣመመ አፋቸው ቀስ ብለው «ለግራ እጅስ» አሉ፣ «ቀለል ያለው ይሻለኛል፤ እስቲ ጽጽቃ ደውሉ።»