በአንቱታ የምትከለክል ኮምፒውተር

ሰውን መከልከል ካልቀረ በአክብሮት ነው። የማምነው እንዲህ ነበር። መርሳ ከተማ አስተማሪ ነኝ፤ ቤቴ አንዲት አሮጌ ኮምፒውተር አለችኝ። መጻሕፍት፣ ፊልም፣ የድምፅ ቅጂ ጭኜባት ጎረቤቱ በዋይፋይ በስልኩ እየገባ ይጠቀማል። ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ ጉዳይዋ አይደለም። ታዲያ ማንም ዘው አይልም። የስም ዝርዝር አለ። ተማሪ ለመጻሕፍቱ ብቻ፣ ፊልሙ ለኔና ለባለቤቴ። ዝርዝሩን የሚለውጠው ደግሞ የኔ ስልክ ብቻ። ያልተፈቀደለት ሲሞክር «ይቅርታ፣ ፈቃድ የለዎትም» ትለዋለች። አንቱታውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ኮርቼበትም ነበር።

እትዬ ዘይነባ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናቸው። ሟች ባለቤታቸው በድምፃቸው ያሉት መንዙማ ያለባት ሚሞሪ ካርድ ልትበላሽ ስትል ወደ ኮምፒውተሬ ገለበጥኩላቸው። መረቁኝ። ስልኬ ሞልቷል፣ ከኮምፒውተርህ ልስማው ሲሉኝ ግን አመነታሁ። የሳቸው ስልክ የሳቸው ብቻ መች ሆነና? የእህት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ፣ ሁሉም ይነካካዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ነገ አልኳቸው። ሁለት ጊዜ መጡ፤ ሁለቴም ነገ።

ከነገ በፊት ጦርነቱ መጣ። ቤተሰቤን ይዤ በውርጌሳ በኩል ወደ ደሴ በእግሬ ሸሸሁ። የቤቴን ቁልፍ ለማን ሰጠሁ? ለእትዬ ዘይነባ ነዋ። እኔን አሮጊቷን ማን ምን ይለኛል ብለው ቀርተው ነበር። ያኔ ለአፍታም አላመነታሁም። ልብ በሉልኝ፤ ቤቴን ከነዕቃው ያመንኳቸውን ሴት ነው ለአንድ መንዙማ የጠረጠርኳቸው። አሁን ሳስበው ፊቴን የት እንደማደርገው አላውቅም። የኔንም የባለቤቴንም ስልክ መንገድ ላይ ቀሙን።

ከወራት በኋላ ስንመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ጠርጥሬም ተመነጠርኩ። እትዬ ዘይነባ ግን እጄን ይዘው ወደ ጎተራቸው ወሰዱኝ። ማሽላውን ዛቅ ዛቅ አድርገው ኮምፒውተሯን በሻሽ እንደተጠቀለለች አወጧት። ታጣቂዎቹ ቤት ለቤት ሊፈትሹ ሲመጡ እሳቸው ማሽላው ላይ ተቀምጠው ነበር አሉኝ።

ምላሴ አያርፍም፤ ለመንዙማው ብለው ነው እንዴ አልኳቸው።

«ኧረ ተው ልጄ፤ ቁልፉን ሰጥተኸኝ የለ? አማና፣ አደራ አይደል እንዴ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መብራት የመጣ ዕለት ኮምፒውተሯን ሰክቼ እትዬ ዘይነባን አጠገቤ አስቀመጥኩ። ዛሬ ነገ የለም፣ አሁኑኑ አስገባዎታለሁ ብዬ አዲሱን ስልኬን አወጣሁ። አዲሱ ስልኬ ለካ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

«ይቅርታ፣ ፈቃድ የለዎትም።»

እትዬ ዘይነባ አንገታቸውን አስግገው፣ ምን አለችህ አሉኝ። አፍሬ ነገርኳቸው። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አይክፋህ ልጄ፤ እኔንም እንዲሁ ነበር የምትለኝ።»