የጦረኛው ጥሩር እና የአጎቴ መዶሻ

የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ስለሚመስል፣ ፊደልም ስለምገድፍ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከስምንተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ስምንተኛንም የጨረስኩት በእናቴ ስለት ነው።

ሰው መቼም የሚኮራበት አያጣም። አንዱ በመኪናው፣ ሌላው በጢሙ ይኮራል። በብረት ስርጉድ የሚኮራ ሰው ግን ናሆም እስኪመጣ ድረስ አይቼ አላውቅም።

ናሆም ካዛንቺስ አንድ ቢሮ ውስጥ ከረባት አስሮ ይሠራል። ቅዳሜና እሁድ ግን የኅዋ ጦረኛ ነው። እሱና ጓደኞቹ በፈጠሩት ተረት ውስጥ ከኮከብ ኮከብ እየዘመቱ የሚኖሩ ዘርካን የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። ይህንኑ ተረት መድረክ ላይ ሊያሳዩ ሲሰናዱ የጥሩሩ የትከሻ ማጠፊያ ተሰበረበትና ቡልጋሪያ ሰፈር ወዳለው የአጎቴ ጋራዥ ይዞት መጣ። ጥሩር ማለቴ፣ በቃ፣ የጦር ሜዳ የብረት ልብስ፤ ከነራስ ቁሩ።

አጎቴ ጋሼ መኮንን የመኪና ላሜራ ቀጥቃጭ ነው። እኔ እጠርጋለሁ፣ መፍቻ አቀብላለሁ፣ ደንበኛ ሲመጣ መኪና ኋላ እደበቃለሁ። ዓይን አፋርነት በሽታ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ጠበል ይወስዱኝ ነበር።

አጎቴ ማጠፊያውን ሰኞ ዕለት በየደው። እዚያ ላይ ቢያቆም ምን ነበረበት? ግን ላሜራ ቀጥቃጭ ስርጉድ አይቶ ያልፋል? ዓመል ያወጣል ከመሃል! ጥሩሩ ደረቱ ላይ ሰባት፣ ጀርባው ላይ አራት ስርጉድ ነበረው። «ምስኪን፣ ከምን ጋር ተላትሞ ነው?» እያለ ረቡዕንና ሐሙስን ሙሉ ቀጠቀጠው፣ ስቱኮ ሞላው፣ ቀባው። ጥሩሩ ሚዜ መሰለ።

አርብ ናሆም መጣ፣ አየ፣ አሮጌ ጎማ ላይ ዘፍ አለ። አጎቴ ምስጋና ሲጠብቅ ናሆም አስረዳው። በዘርካኖች ወግ ስርጉድ አይቃናም። እያንዳንዱ የተዋጉበት ምስክር ነው፤ ጥሩሩ ለልጅ ሲወርድ፣ ልጅ የአባቱን ታሪክ በጣቱ እየዳሰሰ ይማራል። ለስላሳ ጥሩር የለበሰ ዘርካን ከጦር ሜዳ የሸሸ ነው። ናሆም ደግሞ በማግስቱ የሚጫወተው መቶ ጦርነት ያየውን ሽማግሌ ነው።

ሠላሳ ዓመት «እጁ ወርቅ» ሲባል የኖረው አጎቴ ደነገጠ። መዶሻውን አንስቶ፣ ስንት ስርጉድ እንደሚፈልግ ጠየቀው። ናሆም ራሱን ነቀነቀ፤ ስርጉድ በተጋድሎ እንጂ በመዶሻ አይገኝም አለ። «እንግዲያው ልበሰውና በሥራ መውጫ ሰዓት ለገሃር ሄደህ የጎተራ ታክሲ ተጋፋ» አለው አጎቴ። «የጦር አበጋዝ ሆነህ ትወርዳለህ!»

ናሆም ሳይወድ ሳቀ። ሄደም! አንዱን ስርጉድ ከታክሲ በር፣ አንዱን የብረት አልጋ ከተሸከመ ሰውዬ አገኘ፤ ሦስተኛው ከማን እንደሆነ እሱም አያውቅም። ሦስት ስርጉድ ለሽማግሌ ስለማይበቃ ግን በትርኢቱ ላይ የሽማግሌውን ልጅ ሆኖ ተጫወተ።

በዚህ ባለቀ ጥሩ ነበር። ናሆም ግን ከትርኢቱ በኋላ ጋራዥ መጥቶ «ስርጉዶቹን እንዳትነኩ ብዬ ነግሬያለሁ» አለ። «ማክሰኞ እርስዎ ምሳ በወጡበት ሰዓት ስመጣ፣ የራስ ቁሬን አጥልቆ የቆመ ሠራተኛዎ ደረቱን መትቶ ‹ሂድ፣ በእኔ ይሁንብህ!› ብሎኛል» አለ። አጎቴ «እዚህ ጋራዥ ውስጥ እኔና ይቺ ሰላም ማለት የምትፈራ ልጅ ብቻ ነን» ብሎ ማለ። ናሆም ገልመጥ አድርጎ አየኝና «አይ፣ ያኛው ደፋር ነው» አለ። እስከ ዛሬ ናሆም፣ አጎቴ ሠራተኛውን የደበቀ ውሸታም እንደሆነ ያምናል። በዕድሜው ውሸታም ተብሎ የማያውቀው አጎቴም ቀን ሙሉ መዶሻውን እንደያዘ ይተክዛል።

ለማንም ያልነገርኩት ይኸው፦ የራስ ቁሩን ያጠለቅኩት እኔ ነኝ። ፊቴ ስላልታየ አፌ ተፈታ፤ ደረቴንም የመታሁት እኔው ነኝ። ሳወልቀው ግን ድፍረቱ ቁሩ ውስጥ ቀረ። አጎቴ መዶሻውን ሲያነሳ መኪና ኋላ ቆሜ አይቼዋለሁ። «አጎቴ፣ አትንካው» ለማለት ሁለት ቀን አልበቃኝም።