ተሸንፌያለሁ ብላ የምትከራከር ሴት

እስኪ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ዘወር በሉና የመጨረሻውን ረድፍ እዩ። በሩ አጠገብ፣ ነጠላዋን አጣጥፋ ጭኗ ላይ ያስቀመጠች፣ ውሃና ቆሎ ሲታደል የማትነካ አንዲት ሴት አለች። ሰብሳቢው «እንግዲህ ሌላ ሐሳብ ከሌለ» ብሎ ወረቀቱን መሰብሰብ ሲጀምር እጇ ይወጣል። አዳራሹ «ኤጭ» ይላል። ሰብሳቢው መነጽሩን ያወልቃል፤ ሳያያት የቀረ እንዲመስል።

እንዲህ ዓይነት ሴት የሌለችበት ከተማ የለም። የሌለችበት ከተማ ካለ ደግሞ ውሸት ተደላድሎ የሚኖርበት ነው። የኛዋ፣ የቦንጋዋ፣ ክብርት ወይዘሮ ብርቄ ትባላለች። ገበያ ላይ ኮረሪማ ትሸጣለች። ንግግሯ ሁለት ቃል ነው፤ «ይታረም፣ እባካችሁ።» «እባካችሁ» የምትለዋ ለይሉኝታ የጨመረቻት ናት።

ጎረቤታችን ጋሽ አባተ ሲቀበሩ የሕይወት ታሪካቸው ይነበብ ነበር። አንባቢው «በተወለዱ በሃምሳ ዘጠኝ ዓመታቸው» ሲል ከለቀስተኛው መሐል «ስልሳ አራት ነው፤ ይታረም፣ እባካችሁ» የሚል ድምፅ መጣ። አንባቢው ሟቹን ሊጠይቅ ይመስል ወደ ሳጥኑ አየ። ከዚያ አረመ።

የዘመዷ ልጅ ስትታጭ ደግሞ ሽማግሌ ፊት «ልጅቷ ሃያ ሞልቷታል» ተባለ። «አሥራ ስድስቷ ነው። ክርስትናዋ ላይ ነበርኩ።» ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ። ከዚያ ወዲህ ዘመድ አዝማድ ብርቄን ሠርግ አይጠራትም። ልጅቷ ዘንድሮ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት፤ ለዚህ ብርቄን ያመሰገነ ሰው ግን እስካሁን አልሰማሁም።

እኔም ከሌላው የተሻልኩ አልነበርኩም። ፎቶ ቤት አለኝ። ብርቄን ከሩቅ ካየኋት መጋረጃው ጀርባ እገባ ነበር። አንድ ጊዜ ጉርድ ፎቶ ተነሥታ፣ ላሳምራት ብዬ ግንባሯ ላይ ያለውን ጠባሳ በኮምፒውተር አጠፋሁት። «መልሰው» አለችኝ። «የደከምኩበት ነው።»

ጠባሳው የትግል ነው። አዎ፣ የትግል። የዛሬ አሥራ ስድስት ዓመት ልዑልቃል የሚባል የስፖርት መምህር ተመድቦ መጣ። ጆንያ ውስጥ የቡና ገለባ አስሞልቶ፣ ጆንያዎቹን አንድ ላይ አሰፍቶ ምንጣፍ አበጀና ሴቶችን ትግል አስተማረ። ያስተማራቸው የባላጋራን ትከሻ መሬት በማስነካት የሚያልቀውን ብቻ አይደለም፤ ክንድ ወይም አንገት ቆልፎ እጅ የሚያሰጠውንም ነው። መሸነፏን የተቀበለች መዳፏን መሬት ላይ መታ መታ ታደርጋለች። በቃ፣ አለቀ። ከተማው ያኔ ስለነዚህ ልጆች ምን እንዳለ አልነግራችሁም። ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

እኔ ከአሥረኛ ክፍል አልዘለልኩም፤ እጄ የገባውን ግን አነባለሁ። ወንዶች ከመጀመሪያው ዘመናዊ ኦሎምፒክ ጀምሮ ሲታገሉ ሴቶች የተጨመሩት ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አቴንስ ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር በ1996 ነው። ድሮ በፈረንጅ አገር ድንኳን ውስጥ፣ ሕዝብ ከፍሎ ሊስቅባቸው ነበር የሚታገሉት። ይህን ይዤ ለብርቄ ልራቀቅባት «የሴቶች ትግል የተጀመረው» ብዬ ስነሣ አላስጨረሰችኝም።

«አልተጀመረም። ተፈቀደ ነው የሚባለው። ሴት ወንዝ ዳር፣ ከብት ጥበቃ ላይ ስትታገል ኖራለች። የጻፈላት ስለሌለ አልነበረም ማለት ነው? ይታረም።»

ዘንድሮ አንድ ጽሕፈት ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ የአካባቢውን ስፖርት ታሪክ በመጽሔት አሳተመ። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይ እኔ የዚያን ጊዜ ያነሣሁት ፎቶ አለ። ብርቄ ከላይ ናት፤ ዙፋን የምትባል ልጅ ከሥሯ በጀርባዋ ተንጋላለች። የፎቶው መግለጫ «የመጀመሪያዋ የሴቶች ትግል አሸናፊ ብርቄ፣ ተጋጣሚዋን ዙፋንን ስትጥል» ይላል። በዚህች መስመር የተነሣ ለብርቄ ደብዳቤ ተዘጋጀላት፤ ሊቋቋም ለታሰበው የሴት ልጆች የትግል ክለብ አሠልጣኝ እንድትሆን። መምህር ልዑልቃል ተቀይሮ ከሄደ ጀምሮ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ጓሮዋ ውስጥ፣ በዚያው በበሰበሰ ጆንያ ላይ፣ የሰፈር ልጆችን በነጻ ስታሠለጥን የኖረች ሴት ናት። ከዚህ ደብዳቤ ሌላ የተመኘችው ነገር መኖሩን አላውቅም።

መጽሔቱን ከፍታ አነበበችና «አላሸነፍኩም» አለች።

ዙፋንን ከዚያ ግጥሚያ በኋላ ወንድሞቿ አፍረውባት ዋጫ ከተማ ወስደው ዳሯት። አሁን ኮከብ የምትባል የአሥራ አራት ዓመት ልጅ አለቻት። ልጅቷን «እኔ አንድ ጊዜ አሸንፌያለሁ» እያለች ነው ያሳደገቻት። ሌላ የምትተርክላት ድል አልነበራትም። መጽሔቱ ዋጫ ትምህርት ቤት ደረሰ። ኮከብ ገጹን አይታ ቤት ገባችና እናቷን «ዋሽተሽኛል» አለቻት። ይቋቋማል የተባለው ክለብ ውስጥ ልመዝገብ ብላ ስትለምን የሰነበተችውንም አባቷ በአንድ ቃል ዘጋው፤ «እናትሽ ተሸንፋ ምን አተረፈች?»

ብርቄ ይህን ስትሰማ ሚኒባስ ተሳፍራ ዋጫ ሄደች። ዙፋን በር ላይ ቆማ «ተዪው ብርቄ» አለቻት። «ወረቀት የያዘውን አፍ አያስለቅቀውም።»

ብርቄ ነገር የምትተው ሴት ብትሆን ኖሮ ይህን ባልጻፍኩ። በማግስቱ ጽሕፈት ቤቱ ገባች። ፎቶው የኔ ነውና እኔንም አስጠሩኝ። መጽሔቱን ያዘጋጁት አቶ ፍቅሩ ወንበራቸው ላይ ተመቻችተው ነበር።

«ወይዘሮ ብርቄ፣ እዚህ ቢሮ ሰው አላሸነፍክም ተባልኩ ብሎ ነው የሚከሰን። ትሕትናዎ ይደነቃል።»

«ትሑት አይደለሁም። ተሸናፊ ነኝ።»

«ፎቶው እኮ ግልጽ ነው። እርስዎ ከላይ፣ እሷ ከታች።»

«ከላይ መሆን ማሸነፍ የሚመስልዎ ቢሮ ስለሚውሉ ነው፣ አቶ ፍቅሩ።»

ይህን ብላ ቀሚሷን ሰበሰበች። ከሥሩ ቱታ ሱሪ ለብሳለች፤ ተዘጋጅታ ነው የመጣችው። ቢሮው መሐል በጀርባዋ ተኛችና ጸሐፊዋን ጠራቻት።

«ሊና፣ ነይ እላዬ ላይ ውጪ።»

«እትዬ ብርቄ፣ ነጭ ሸሚዝ ነው የለበስኩት።»

«ወለሉ ካለቆችሽ ይልቅ ንጹሕ ነው። ነይ።»

ሊና አለቃዋን አየች፤ አለቃዋ ጣሪያውን አዩ። ቀስ ብላ ተንበረከከችና ተደገፈቻት። የብርቄ እግሮች የሊናን አንገትና አንድ ክንዷን አብረው ጠመጠሙ። «ሲጠብቅብሽ ምቺ» አለቻት። አራት ሳልቆጥር ሊና ወለሉን መታ መታ አደረገች።

«ከላይ ያለችው ማናት?»

«እኔ» አለች ሊና፣ እየሳለች።

«ያሸነፈችውስ?»

«አንቺ ነሽ እትዬ፣ በእናትሽ ልቀቂኝ።»

አቶ ፍቅሩ ውሃ ጠጡ። «እሺ፣ ቴክኒኩ ገብቶኛል። ግን ይሄ ዶክመንት አይሆንም። ደግሞም ከታረመ የአሠልጣኝነቱ ደብዳቤ መሠረት ያጣል። የተጻፈው ለመጀመሪያዋ አሸናፊ ነው፤ ለሁለተኛዋ አይደለም።»

ብርቄ ቀሚሷን አራገፈች። መስኮቱን አየች፣ ባጃጆቹን አየች፣ ግድግዳው ላይ ያለውን የዕቅድ ሰሌዳ አየች። ከዚያ «ይታረም» አለች። «እባካችሁ» አላለችም።

«ለመሆኑ ብርቄ አሸነፈች ብሎ መረጃውን የሰጠን ማን ነው?» አሉ አቶ ፍቅሩ።

እኔ ነኝ። የግጥሚያው ቀን ፎቶውን እንዳነሣሁ ዝናብ ጀመረ። ካሜራዬን ጃኬቴ ውስጥ ከትቼ ሮጥኩ፤ መጨረሻውን አላየሁም። ዘንድሮ ለመጽሔቱ ሊወስዱት ሲመጡ «ማን አሸነፈ?» አሉኝ። «ከላይ ያለችው ነዋ» አልኩ። ብርቄ እዚሁ ከተማ ውስጥ፣ ከፎቶ ቤቴ አሥር ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ላይ እያለች አልጠየቅኋትም። በየሻይ ቤቱ «ይህ ሕዝብ ለምን አይጠይቅም» እያልኩ የምጮኸው ሰውዬ ነኝ።

መረጃውን የሰጠሁት እኔ መሆኔን ብርቄ ታውቅ ነበር። ለሟች ዕድሜ ያልራራች ሴት አቶ ፍቅሩን «ማን ሰጠ የሚለው የዙፋንን ልጅ አይጠቅማትም» አለቻቸው። ወደ እኔ ዘወር አላለችም።

ኮሚቴ ተቀመጠ። ከሁለቱ ተጋጣሚዎች ሌላ ግጥሚያውን በዓይናቸው ያዩ ሦስት ሰዎች ጽፈው ካልፈረሙ ጉዳዩ «አከራካሪ» ነው፤ ገጹ ከሁለተኛው ኅትመት ይወጣል። የሚተካው ፎቶም ተመርጧል፦ ስምንት ወንዶች ከፕላስቲኩ ያልወጣ አዲስ ምንጣፍ ይዘው። ጽሑፉም ተጽፏል፤ «የሴቶች ትግል በአካባቢያችን ዘንድሮ ተጀመረ።» የብርቄ ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ ነው። ግጥሚያውን የዳኘው መምህር ልዑልቃል ደግሞ አርፏል።

ጓሮዋ ድረስ ሄድኩ። ልጆቹ ጆንያው ላይ ይታገላሉ፤ እሷ ኮረሪማ ታበጥራለች። «እኔ እፈርማለሁ» አልኳት።

«መዳፌ ሲመታ አይተሃል?»

«ያኔ እኔ ካሜራውን…»

«አላየህም። አትፈርምም።»

«ብርቄ፣ እውነት እኮ ነው።»

«እውነት ነው። አንተ ግን አላየኸውም።» ይህን ብላ በእግሯ በርጩማ ገፋ አደረገችልኝ። ተቀመጥኩ። እስኪመሽ አብሬያት አበጠርኩ፤ ሦስቴ አበጣጠሬን አረመችው። ከዚያ ወዲህ ሳላያት ከዋልኩ ቀኑ ይጎድለኛል።

ፎቶውን አጉልቼ አትሜዋለሁ። ከሴቶቹ ኋላ አሥራ ዘጠኝ ፊት ይቆጠራል። የብዙዎቻችሁን በር አንኳኩቻለሁ። «ረሳሁት» አላችሁኝ። አንዱ «እኔ ያን ቀን ቢታ ገነት ነበርኩ» አለኝ፤ ፎቶው ላይ አፉን ከፍቶ ይስቃል።

አንዲት ሴት ግን አለች፣ ስሟን አላወቅሁም። ቀይ ጃንጥላ ይዛለች፤ አትስቅም። የብርቄ መዳፍ ከኔ በኩል በዙፋን ትከሻ ተከልሏል፤ ከሷ በኩል ግን አልተከለለም፤ ዓይኗም እሱ ላይ ነው። አንቺ ሴትዮ፣ መጽሔቱ ሰኔ ሃያ ማተሚያ ቤት ይገባል። ሁለት ሰው ይዘሽ ነይ፤ ካጣሽም ብቻሽን ነይና ያየሽውን ጻፊ። ዋጫ ያለችው ልጅ እናቷን ትመን። እባክሽ ነይ።