መኪና የሌላቸው የጋራዥ ዳኛ

ቤት መግዛት የሚፈልግ ሰው ገንዘብ ሊያጣ ይችላል፤ አማካሪ ግን አያጣም። በየቤተሰቡ አንድ አለ። የራሱ ቤት የለውም፤ የሰው ቤት ሲያይ ግን ዓይኑ ንስር ነው። ሠላሳ ዓመት የኖረበት የኪራይ ክፍል ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ ደቅኖ ይተኛል። እናንተ ልትገዙ ያሰባችሁት ቤት ግድግዳ ላይ የፀጉር ክር የምታህል ስንጥቅ ካየ ደግሞ "ይሄ ቤት ክረምቱን አይወጣም" ብሎ ይፈርዳል። ይግባኝ የለውም።

የእኛ ቤተሰብ ዳኛ የባለቤቴ አጎት ናቸው። ፊት ለፊት "ጋሼ" እንላቸዋለን፤ ዞር ሲሉ "ጋሽ ሜትር"። ስሙን ያተረፈላቸው ከኮታቸው ኪስ የማይለየው ባለ አምስት ሜትር መለኪያ ነው። ክቡርነታቸው አንድ የግንባታ ድርጅት ውስጥ ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጠው ሚስማርና ብሎን ሲያስረክቡ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል። ሚስማር ማስረከብና ቤት መሥራት ሁለት የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ደፍሮ የነገራቸው የለም።

ምክራቸው ሁልጊዜ የሚጀምረው "እኔ ምን አገባኝ!" በማለት ነው። "እኔ ምን አገባኝ! ብቻ…" ይላሉ። ከ"ብቻ" በኋላ ያለው ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

የባለቤቴ ወንድም ቤት አግኝቶ ሊፈራረም ብዕር ከጨበጠ በኋላ አስቀርተውታል። "እኔ ምን አገባኝ! ብቻ በዚህ ኮሪደር አልጋ አይገባም፣ ሬሳም አይወጣም" አሉት። ሰውዬው በሠላሳ ሁለት ዓመቱ ስለ ሬሳው መውጫ ማሰብ ጀመረና ተወው። ነርስ የሆነችው የባለቤቴ የአክስት ልጅ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ደህና ቤት አገኘች። ጋሽ ሜትር ከነኮታቸው መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ገብተው፣ ክንዳቸውን እንደ ወፍ ዘርግተው ቆሙ። "እዚህ ሳሙና የወደቀበት ሰው ለማንሳት ኮሪደር መውጣት አለበት" አሉ። ነርሷ እስከ ዛሬ ተከራይ ናት። ቤቱን የገዛው ሰውዬ በየቀኑ ታጥቦ፣ አምሮበት በደጇ ያልፋል።

እንግዲህ እኔም ተራዬ ደረሰ።

ቤት መፈለግ ከጀመርን ሁለት ዓመት ሆኖን ነበር። ያጣደፈን የአማቴ፣ የጋሽ ሜትር ታላቅ እህት፣ ነገር ነው። ጉልበታቸውን ቀዶ ጥገና ካደረጉ ወዲህ ብቻቸውን መኖር ስለከበዳቸው ከእኛ ጋር ሊሆኑ ነው። በስንት ልፋት አንድ ቤት ተገኘ፤ ፀሐይ የሚገባበት፣ ክፍሎቹ ሰፋፊ፣ ሻጯ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት። ደላላው በሩን፣ መስኮቱን፣ የውሃ ቧንቧውን ሁሉ እየነካካ ሲያሞግስ ቆየና መጨረሻ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ጋራዡ ብቻ ትንሽ ገባ ያለ ነው" አለ።

ገባ ያለ! ከውጭው በር ተነስቶ የቤቱን ጎን ይዞ አንድ ቀጭን መተላለፊያ ሽቅብ ይወጣል። መጨረሻው ላይ በቀኝ በኩል እጥፍ ይላል። ጋራዡ እዚያ ጓሮ ውስጥ፣ ከቤቱ ጀርባ ተለጥፎ ተደብቋል። መኪናዋን እዚያ አሳድሮ ወደ ቤት መግባት የሚፈልግ ሰው ያንኑ መንገድ በእግሩ ቁልቁል ተመልሶ፣ ዞሮ፣ የፊት ለፊቱን ደረጃ መውጣት አለበት። ጋራዡን የሠራው ሰው ወይ መኪና አልነበረውም፣ ወይ መኪናውን ይጠላው ነበር።

ባለቤቴ "ጋሼን እናሳያቸው" አለች። እንዳልሰማ ሆንኩ። በማግሥቱ ጋሽ ሜትር መለኪያቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን።

ገና ሰላም ሳንባባል "መኪናዋን አስገባትና እንያት" አሉ። ከመኪና ጋር ያላቸው ትውውቅ በተሳፋሪነት ብቻ ነው። ግን መንጃ ፈቃድ ለሌለው ሰው ሁሉ ሌላውን ማስቆምና ማስነሳት የተሰጠው ጸጋ ነውና ከፊቴ ቆመው ወደኋላ እየተራመዱ በሁለት እጃቸው ይጠሩኝ ጀመር።

"ና… ና… ና… ወደ ቀኝ ስበር! አይዞህ፣ ሰፊ ነው፣ ና… መልስ! ና…"

ቋ!

"ቁም!" አሉ ጋሽ ሜትር።

የግራው ስፖኪዮ መሬት ላይ ነው። የቀኙ ጎን እጥፋቱ ላይ ካለው የሲሚንቶ የአበባ መደብ ጋር ተጣብቋል። በግራም በቀኝም በር አይከፈትም። በወንበሮቹ ላይ ተንፏቅቄ በጀርባ ባለው የዕቃ መጫኛ በር፣ እግሬን አስቀድሜ ወጣሁ። የጎረቤት ሠራተኛ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ ታያለች። ደላላው ስልክ የተደወለለት መስሎ ጠፍቷል። ጋሽ ሜትር ተንበርክከው እየለኩ ነበር።

"እኔ ምን አገባኝ! ብቻ መኪናህ አንድ ሜትር ከሰባ አምስት ነው። መተላለፊያው እዚህ ጋ አንድ ሜትር ከስልሳ ስምንት።"

"ታዲያ ሳልገባ ለምን አልነገሩኝም?"

"አልጠየቅከኝማ!"

ደሜ ፈላ። የሁለት ዓመት ድካም፣ የተሰበረው ስፖኪዮ፣ አጥር ላይ የተንጠለጠለችው ሴትዮ፣ ሁሉም ባንድ ላይ አፌ ላይ መጡ።

"ጋሼ፣ እርስዎ መኪና ነድተው ያውቃሉ? አያውቁም። ቤት ገዝተው ያውቃሉ? አያውቁም። ታዲያ በሌለዎት ነገር የሰውን ሁሉ ቤት እያፈረሱ እስከ መቼ ነው?"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። መለኪያቸውን ለቀቁትና ጠፍጣፋው ብረት እየተንሿሿ ወደ ማቀፊያው ገባ። ኪሳቸው ከተቱት፣ የጉልበታቸውን አቧራ አራገፉና "ልክ ነህ" አሉ። "ብቻ" አላሉም። የአበባ መደቡን ተሻግረው ሽቅብ የመጡበትን መተላለፊያ ቁልቁል ወረዱና ሄዱ።

ባለቤቴ ሁሉንም ሰምታለች። "በል እንግዲህ፣ አማካሪም አያስፈልግህም፤ ብቻህን ግዛ" አለችኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ከእኔ ጋር የተነጋገረችው "ራት ቀርቧል" በማለት ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ እልህ ያዘኝ። ቤቱን እገዛለሁ፤ መኪናዋን መንገድ ላይ አቆማለሁ፤ ጋራዡ ውስጥ አሮጌ ዕቃ እከታለሁ። ሐሙስ ለመፈራረም ተቀጣጠርን። ረቡዕ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ ላየው ሄድኩ። መምህርቷ በሩን ከፍተው ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"አጎትዎን ሊወስዱልኝ ነው?" አሉ።

"የቱን አጎት?"

"ዛሬ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። በአውቶቡስ ይመጣሉ፣ ይለካሉ፣ ይከራከሩኛል፣ ይሄዳሉ። አርባ ዓመት ሳስተምር እንዲህ ያለ ተማሪ አልገጠመኝም።"

ዞር ብዬ አየሁ። ጋሽ ሜትር የፊት ለፊቱን ደረጃ እየወጡ ነው። ግን አወጣጣቸው የጤና አይደለም። ቀኝ እግራቸውን ሳያጥፉ እንደ እንጨት ይጎትታሉ፣ ግድግዳውን ይደገፋሉ፣ አንዱን ደረጃ ወጥተው ይቆማሉ። መጀመሪያ አሟቸው መስሎኝ ልሮጥ ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። አማቴን ሆነው ነው የሚወጡት።

ሰባተኛው ደረጃ ላይ ቆሙና አዩኝ። ሰላም አላሉኝም፤ ቂምም ፊታቸው ላይ አልነበረም።

"አንተ መኪናህን መንገድ ላይ ልታቆም ነው አሉ" አሉኝ። "አቁም። ጤነኛ ነህ፣ ትዘላለህ። እትዬ ግን ከመንገዱ እስከዚህ ደረጃ ሠላሳ አንድ እርምጃ አለባት። ከዚያ አሥራ አንድ ደረጃ። ሰባተኛው ላይ ትቀራለች። ዝናብ ቢሆንስ? አንተ ሥራ ላይ ብትሆንስ?"

ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ ፀሐዩ፣ ስለ ውሃው፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ መኪናዬ ጠይቄአለሁ። ቤቱን የምንገዛላቸው ሴትዮ በየት በኩል እንደሚገቡ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

"ና" አሉኝ። በመምህርቷ ሳሎን አልፈን ወደ መጨረሻው ክፍል ወሰዱኝ፤ መምህርቷ የድሮ ደብተሮች የሚያከማቹበት ክፍል ነው። የጀርባውን ግድግዳ በጣታቸው መገጣጠሚያ አንኳኩ።

"ከዚህ ወዲያ ምንድን ነው?"

"እ… ጋራዡ?"

"ወለሉስ?"

አላወቅሁም።

"እኩል ነው። መሬቱ ሽቅብ ስለሚሄድ ከፊት አሥራ አንድ ደረጃ የወጣኸው ቤት ከኋላ ከመሬት ጋር ይገጥማል። በሁለት ጣት ነው የሚለየው። እዚህ ጋ በር ይከፈት። እትዬ ከመኪና እስከ አልጋዋ ስምንት እርምጃ፣ ጣሪያ ሥር። ያ የአበባ መደብ ደግሞ ይነሳል። ከሱ ወዲያ ሜዳ ስለሆነ መኪናህ እንደ ልቧ ትዞራለች።"

"አበባዬን አሳልፌ የሰጠሁት ወድጄ አይደለም" አሉ መምህርቷ ከኋላችን። "እሺ ካላልኩ ነገም የሚመጡ ስለመሰለኝ ነው።"

ጋሽ ሜትር ወደ እኔ ዞሩ። በዘመዱ ታሪክ ከአንደበታቸው ወጥቶ የማያውቅ ቃል ተናገሩ።

"ግዛው።"

ገዛሁት። ግድግዳው የተከፈተ ቀን ግንበኛው ከጠዋት እስከ ማታ መለኪያ አፍንጫው ሥር ሲዘረጋበት ውሎ "ወይ እሳቸው ይሂዱ፣ ወይ እኔ" አለ። ሁለቱም አልሄዱም። አሁን ክቡርነታቸው በየዘመዱ ቤት "ጋራዡ ባይኖር ኖሮ ይሄን ቤት አላስገዛውም ነበር" እያሉ ሲያወሩ እሰማለሁ። እኔ በታሪኩ ውስጥ የምገባው መኪና ውስጥ ተጣብቄ በኋላ በር ስወጣ ብቻ ነው። በየተረኩበት ቤት መተላለፊያው አንድ አንድ ጣት እየጠበበ ሄዶ፣ ሰሞኑን ብስክሌትም አያሳልፍም።

አማቴ የገቡ ዕለት ከመኪና ወርደው፣ የወንድማቸውን ክንድ ይዘው፣ በአዲሱ በር አልፈው አልጋቸው ላይ ቁጭ አሉ። ክፍሉን ቃኙና "ደረጃ የለውም እንዴ ቤታችሁ?" አሉ። ጋሽ ሜትር ጀርባቸውን አዙረው የበሩን ማጠፊያ ብዙ ጊዜ መረመሩ፤ ምንም ጉድለት አልነበረውም።

ስሸኛቸው ጋራዡ ውስጥ ያዝኳቸው። "ጋሼ፣ ያን ቀን የተናገርኩትን…" ብዬ ጀመርኩ።

"የቱን ቀን?" አሉ።

ከሃያ ዓመት በፊት ያዩትን የመታጠቢያ ቤት ስፋት እስከ ሴንቲሜትሩ የሚያስታውሱ ሰው፣ ያችን ቀን ፈጽሞ ሊያስታውሷት አልቻሉም።

ባለቤቴና እኔ ተማክረን ከእህታቸው ክፍል ቀጥሎ ያለውን ትንሹን ክፍል ሰጠናቸው። "ኪራዩን ይተዉና እዚህ ይሁኑ" አልናቸው። ሦስት ጊዜ መጥተው አዩት፤ ሦስቴም አልተቀበሉም። መጀመሪያ ጣሪያው ዝቅ አለባቸው። ቀጥሎ መስኮቱ ወደ ማይሆን አቅጣጫ ይመለከታል። በሦስተኛው ቧንቧው እንደሚጮህ ጠረጠሩ፤ ሰው ቧንቧ መጮሁን ካላደረበት አያውቅም አሉና ለሙከራ አንድ ቀን ሊያድሩበት ተስማሙ።

ሙከራው አምስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ባለቤቴ ትናንት ሁለተኛ ብርድ ልብስ ገዛችላቸው፤ እኔም ሙከራው እንዳያልቅባቸው፣ ቧንቧው በደንብ ይሰማ እንደሆነ ብዬ በየጠዋቱ ከፈት አድርጌ እተወዋለሁ።