ስም ጥራ ያለችኝ ሞባይል

የአንድ ሽማግሌ ስም ገበያ መሃል አራት ጊዜ በመጥራቴ የከፈልኩት ይኸውላችሁ፦ አንድ ሙክት፣ ሁለት የገበያ ቀን፣ የአንድ እግር ጫማ ሶል፣ እና ቅቤ ተራ ውስጥ በስምንት ዓመት የሠራሁት መከበር።

ስሙን እዚህ እንደማልጽፈው ከወዲሁ እወቁት። ልምድ አግኝቻለሁ።

ነገሩ የጀመረው ከዚሁ ገጽ ነው። ታስታውሱ እንደሆነ ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የቴክኖሎጂ ዜና ለጥፌ ነበር። ዜናው «ከእንግዲህ ስልክ በድምፅ ይታዘዛል፤ መነካካት ሊቀር ነው» ይላል። እኔም ከላዩ «ጣት ጡረታ ወጣች» ብዬ ጨመርኩበት።

ስንት ላይክ እንዳገኘ አትጠይቁኝ። እዚህ ሆሳዕና ከተማ መንገድ ላይ የማላውቀው ሰው ሁሉ «ጣት እንዴት ከረመች?» ይለኝ ጀመር።

ላይክ ነጋዴን ያሰክራል፤ እኔ ደግሞ ቅቤ ተራ አጠገብ የሞባይል ሱቅ አለኝ። በዚያው ስካር አዲስ አበባ ሄጄ በድምፅ የሚደውሉ አሥራ ሁለት ስማርት ስልኮች ይዤ መጣሁ። ስሪታቸውን አልናገርም፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውና ስልኩ ጀርባ ላይ የተጻፈው አይመሳሰልም።

ሐሳቤ ቀላል ነበር። የቅቤ ተራ ሴቶች መግዛት ይችላሉ፤ የግማሾቹ ባል ወይም ልጅ ደቡብ አፍሪካ ነው። እጃቸው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቅቤ ነው። ቅቤ በነካው ጣት ስክሪን ቢነኩት ይንሸራተታል እንጂ አይሠራም። ታዲያ በድምፅ የሚደውል ስልክ ከእነሱ ወዲያ ለማን ተሠራ?

እስቲ ፍረዱ፣ መጥፎ ሐሳብ ነው? አሁንም መጥፎ አይደለም እላለሁ።

የገበያው ቀን አንዷን ስልክ ቻርጅ አድርጌ ቅቤ ተራ ገባሁ። ከሴቶቹ ሁሉ የመረጥኩት የምሕረትን እናት ነው። ከአንጋጫ በኩል የምትመጣ ከምባታ ናት፤ ባሏ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ አራት ዓመቱ። ሙዝ የተቀላቀለበትን ቅቤ ሳትቀምስ፣ በአፍንጫዋ ብቻ የምትለይ ሴት ናት። እሷ የገዛችውን ሌሎቹ ይገዛሉ።

«ሲምሽን አምጪ» አልኳት። «በራስሽ ሰዎች ላሳይሽ።»

«የኔዋ ምን ሆነች?» አለችኝ፣ ባለ ባትሪዋን ትንሽ ስልክ ከጉያዋ እያወጣች።

«የአንቺዋ ዱላ ናት። ይቺ ጆሮ አላት።»

ሴቶቹ ሳቁ። ለኔ ደግሞ ሰው ከሳቀልኝ አለቀ፣ ፍሬን የለኝም።

ሲሙን አውጥቼ አዲሷ ስልክ ውስጥ ከተትኩ። ሁሉም እንዲሰማ ስፒከር ከፈትኩ። ስልኳ በፈረንጅኛ ስም ጥሩ አለች። ኮንታክቱን ሳየው ከላይ አንድ የወንድ ስም አለ። ለምሕረት እናት አሳየኋትና «ይህን ጥሪው» አልኳት።

ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።

«አይዞሽ፣ አይነክስም።»

ነጠላውን ይበልጥ ጠበቅ አደረገችው።

ከጎኗ ሚዛን የያዘችው ሴት «ሌላ ሰው ጋ ደውል» አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ «ተወው፣ ይቅርብን» አለች።

እኔ ምን ሰማሁ? «ቴክኖሎጂ ፈራን» ሲሉ ሰማሁ። ነጋዴ ደግሞ ገዢ ሲያፈገፍግ ወደፊት ነው የሚሄደው። ስልኩን ወደ አፌ አስጠግቼ ስሙን ራሴ ጠራሁት።

ማሽኗ አልገባትም። ጮክ ብዬ ደገምኩት። አሁንም ድገም አለችኝ። በሦስተኛው እንግዲህ ፈረንጅ እንደሚጠራው አጣምሜ፣ ከአፍንጫዬ አውጥቼ፣ እህል ተራ ድረስ በሚሰማ ድምፅ ለቀቅኩት።

ደወለች!

አጨብጭቡልኝ ልል ቀና ስል የምሕረት እናት አንገቷን ደፍታለች። ሚዛን የያዘችውም ደፍታለች። ዙሪያውን የሚታየኝ የሴት አናት ብቻ ነው።

ስልኩ ተነሳ። የሽማግሌ ድምፅ ነው። «ማነው?»

እኔ ደግሞ በደስታዬ ስሙን ባዶውን፣ ያለ አቶ፣ ያለ አባባ፣ ለአራተኛ ጊዜ ጠርቼ «ሄሎ!» አልኩ።

«ማነህ አንተ? የልጄ ሚስት ስልክ አንተ ዘንድ ምን ይሠራል?»

አማቷ ናቸው።

የኛን አገር ለማታውቁ ላስረዳ። በሀዲያም በከምባታም ወግ የሚያውቁ ቤቶች ያገባች ሴት የባሏን አባት ስም አትጠራም። ክብር ነው። ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምር ሌላ ቃል እንኳ ሲመጣባት ዞር ብላ ሌላ የምትፈልግ አለች። እኔ ይህን ስም በራሷ ስልክ፣ ፊቷ ቆሜ፣ ጓደኞቿ እየሰሙ፣ በስፒከር አራት ጊዜ ጠራሁት፤ አንዱን ያውም በፈረንጅ አፍንጫ።

አላውቅም ነበር እንዳልል አውቃለሁ። እናቴ እኔን ትምህርት ቤት ልታስመዘግብ ስትሄድ ጎረቤት ይዛ ነው የሄደችው። የኔንና የአባቴን ስም ራሷ ነገረቻቸው። መዝጋቢው «የአያት ስም?» ሲላት ዞር አለች፤ ጎረቤቷ ተናገረችላት። አያቴ የባሏ አባት ነዋ። እዚህ አገር ለመመዝገብ ሁለት ሴት ያስፈልጋል ብዬ ነው ያደግኩት። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ዕቃ ልሸጥ ስል ረሳሁት።

ሽማግሌው ማነህ ሲሉኝ ምን አደረግኩ? ቀዩን ተጫንኩት። ዘጋሁባቸው።

ከጩኸቱም የባሰው ጥፋት ይህ ነው።

የምሕረት እናት እጇን ዘረጋች። «ሲሜን።»

ሰጠኋት። ትንሿ ስልኳ ውስጥ መለሰችው። ከዚያ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «አሁን አማቴ ምን ሰሙ?» አለችኝ።

«እኔ…»

«በኔ ስልክ የወንድ ድምፅ ሰሙ። ስማቸውን ሰሙ። ከዚያ ዝግት።»

«ደውዬ ልንገራቸው?»

«ደግመህማ አትደውልም። እኔ ደግሞ ፊታቸው ቆሜ ‹እኔ አይደለሁም› ማለት አልችልም፤ ቀና ብዬም አላያቸው። የጮኸው አፍ ራሱ ይምጣና ይናገር።»

እኔ ግን አልሄድኩም። ይበርዳል ብዬ ነው። ወሬ ሁሉ ይበርዳል አይደል?

አይበርድም። ሴቶቹ በአንድ ለአምስት ተደራጅተዋል፤ ለስብሰባ ሲጠሩ ሁለት ይመጣሉ። የኔን ወሬ ግን ፀሐይ ሳትበረታ ሾኔ ከተማ ድረስ አድርሰውታል። ያለ ኢንተርኔት። የሚቀጥለው ገበያ ከቅቤ ተራ አንዲት ሴት ካርድ ልትገዛ እንኳ ሱቄን አልረገጠችም።

በዚያው ቀን ከደቡብ አፍሪካ ተደወለልኝ። የምሕረት አባት ነው።

«ሚስቴ ስልክ ላይ የጮኽከው አንተ ነህ?»

«ወንድሜ፣ ስልክ እየሸጥኩ ነበር።»

«እሱን ለኔ አትንገረኝ። ሚስቴ አባቴ ቤት መግባት አቁማለች። ወንድሞቼ ‹ከማን ጋር ናት› እያሉ ይጠይቁኛል። ከዚህ ሆኜ ምን ልበላቸው?»

ሳቄ የጠፋው ያኔ ነው። ባሏ ሩቅ ያለ ሴት በእኛ ከተማ ያላት አንድ ነገር ስሟ ነው። እኔ ለአንድ ስልክ ብዬ እሱን አበላሸሁባት።

ግማሹን ታሪክ እዚህ ስለጥፍ አንድ የአዲስ አበባ ልጅ «በዚህ ዘመንም እንዲህ ያለ ኋላ ቀር ባህል አለ?» ብሎ ኮሜንት ሰጠኝ። ብሎክ አድርጌዋለሁ፤ የምታውቁት ካላችሁ መልሴን አድርሱልኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ባህሉ አላጠፋም። የሰው አባት ስም ገበያ ላይ ካላስጮኸች የማትደውል ማሽን ናት ኋላ ቀሯ።

ሙክት ገዛሁ። ከሆሳዕና ሁለት የተከበሩ ሽማግሌዎች ለምኜ ወደ አንጋጫ ተነሣን። ዝናብ ነበር። ከመኪና ወርደን በእግር ስንገባ የቀኝ ጫማዬን ሶል ጭቃው ወሰደው። ሙክቱ ከኔ የተሻለ ይራመድ ነበር።

አማቷ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። የምሕረት እናት ከበረንዳው ወዲያ፣ ከግድግዳው ጥግ ጀርባ ቆማለች። አትታይም፣ ግን ትሰማለች።

እኔ መሬት ላይ ተንበርክኬ ሁሉንም ተናገርኩ። የጮኽኩት እኔ፣ የዘጋሁት እኔ፣ እሷ አፏን አልከፈተችም አልኩ።

ሽማግሌው እስክጨርስ አዳመጡኝ። ከዚያ፣ «ይህ ዕቃ ስሜን ከየት አወቀው?» አሉኝ።

«ልጅዎ ሳይሄድ ጽፎት ነው፣ አባባ።»

«ልጄ ይጻፍ። አንተን ጥራ ያለህ ማነው?»

«ስልኳ ናት።»

«ስልክ ለሰው ይታዘዛል እያልክ ነው አሉ የምትሸጠው።»

«አዎ፣ አባባ።»

«ጥራ ስትልህ ታዲያ ማን ታዘዘ?»

ይዣቸው የሄድኩት ሁለቱ ሽማግሌዎች መሬት መሬት ያዩ ጀመር። ሲስቁ እንዳላያቸው ነው። የኔ ሽማግሌዎች!

«በል ስሜን ከዚያ ውስጥ አውጣው» አሉኝ።

የምሕረት እናት ከግድግዳው ጥግ እጇን ብቻ ዘርግታ ትንሿን ስልኳን አቀበለችኝ። ስሙን አጠፋሁ። ቁጥሩን ብቻውን ላስቀምጥ ስል እምቢ አለችኝ።

«ምን ሆንክ?» አሉ ሽማግሌው።

«ስም አስገባ ትለኛለች።»

«ይቺም?»

እግዜር ያሳያችሁ፣ ላብ አጠመቀኝ። ይህን ጊዜ ከግድግዳው ጥግ የምሕረት እናት ተናገረች። ለኔ ነው የምትናገረው፣ ግን ለሁሉም ይሰማል።

«አንድ ብለህ ጻፍ። ድሮም አንድን ጫን አድርጌ ነው የምደውለው። ሲነሳ ምሕረትን አስወራታለሁ። ስም ፈልጌ አላውቅም።»

አራት ዓመት ሙሉ ስም ሳትጠራ፣ ስክሪን ሳትነካ፣ በአንድ ጣት ስትደውል ኖራለች። እኔ ደግሞ ቅቤ ተራ ቆሜ ስልክሽ ዱላ ናት እላታለሁ።

አንድ ብዬ ጻፍኩ። ተቀበለች።

«ምን አልክበት?» አሉ ሽማግሌው።

«አንድ።»

አሰቡበት። «አንድ ይሁን። ጥሩ ነው» አሉ። ሁለት ብለን ብንጽፍ ኖሮ ሙክቱም አያድነኝም ነበር።

ከዚያ ፈረዱ። «ስሜን የጠራኸው ገበያ ላይ ነው። ልጄንም የምታጸዳት እዚያው ነው። አራት ጠርተሃል፣ አራት ትናገራለህ።» ልጄ ያሉት የምሕረትን እናት ነው። ከግድግዳው ጥግ አፍንጫዋን በነጠላዋ ስትጠርግ ሰማሁ።

ፍርዱን የፈጸምኩት ትናንት፣ በገበያው ቀን ነው።

ቅቤ ተራ መሃል ቆሜ «ያን ቀን የጮኽኩት እኔ ነኝ፤ የምሕረት እናት አፏን አልከፈተችም» አልኩ። ሚዛን የያዘችው ሴት ቀና ሳትል፣ «አልሰማንም» አለች።

ጮክ ብዬ ደገምኩት።

«ከወዲያ ያሉት አልሰሙም» አለች።

በሦስተኛው ድምፄ ተሰነጠቀ። አራተኛውን ልል አፌን ስከፍት እጇን አነሣችብኝ። «ያንን የአፍንጫህን ድምፅ አምጣው እንጂ። እህል ተራ የደረሰው እሱ ነው።»

አመጣሁት። በዚያው በፈረንጅ አፍንጫ፣ በሙሉ ጉልበቴ፣ ጥፋቴን ጮኽኩ። እህል ተራ ያለ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሴቶቹ ቅቤያቸውን ይዘው እስኪያለቅሱ ሳቁ። የምሕረት እናትም አንገቷን ደፍታ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ።

አንዱ በሞባይል ቀርጾኛል። ቪዲዮው እየዞረ ነው፤ ከጣት ፖስቴ የበለጠ ላይክ አግኝቷል። ሼር አድርጉት፣ አልቀየምም። በተለይ ደቡብ አፍሪካ ያላችሁ አድርጉት፤ የኔን ስም ቢያጠፋም የሷን ያጸዳል።

የጣቷን ፖስትም አላነሳትም። እዚያው ትቆያለች። ስልክ ሠሪዎች ግን ሌላ ጊዜ በድምፅ የሚታዘዝ ዕቃ ሲያስቡ አንድ ቀን ቅቤ ተራ መጥተው ይቀመጡ። ማን የማንን ስም እንደማይጠራ አስረዳቸዋለሁ። በነጻ።

ሲያልቅ ለካሳ አንዷን ስልክ ለምሕረት እናት በነጻ ልሰጣት ወሰድኩላት።

አገላብጣ አየቻትና መለሰችልኝ። «ስም መጠየቅ ስትተው አምጣት» አለችኝ።

ሒሳቡ ይህ ነው፦ የምሕረት እናት አማቷ ቤት ገብታለች። ከአሥራ ሁለቱ ስልክ የተሸጠ የለም።